ዐቃቤ ሕጉ የተደበደበበት ጠዋት

ሬድዋን የተመታው ጠዋት፣ ላፍቶ ውስጥ፣ ከሚኖርበት ኮንዶሚኒየም በር ብዙም ሳይርቅ ነው።

ሁልጊዜ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ይዟት ይወጣል። የዚያን ቀን ግን ሚስቱን ሲሃምን፣ "ዛሬ አንቺ አድርሻት፤ እኔ እቸኩላለሁ" አላት። መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ።

ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ ሰው ከአጥሩ ጥግ ብቅ ብሎ ፊት ለፊቱ ቆመ። የብረት ቱቦ ይዟል። አንድም ቃል አልተናገረም። ሬድዋን አልሮጠም። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ግራ ክንዱን ሰበረው፤ የአጥንቱን ድምፅ ታክሲ የሚጠብቁ ሴቶች ሰሙት። ሬድዋን በግንባሩ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ሰውየው ቱቦውን እንደገና ሲያነሳ ሴቶቹ ጮኹ። ዞሮ ሮጠ።

መጀመሪያ የደረሰለት የሲሃም ወንድም ያሕያ ነበር። ያሕያ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በርና መስኮት ይበይዳል። ባጃጅ አስቁሞ፣ ፊቱ በደም የተሸፈነውን ሬድዋንን አቅፎ ሐኪም ቤት ወሰደው። መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ማን አስመታው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሬድዋን የቀድሞውን ባለሥልጣን የአቶ ኦልጅራን ጉዳይ የያዘ ዐቃቤ ሕግ ነው። እሳቸው ከሥልጣን ወርደው ከታሰሩ ወዲህ ሠፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "ሰው አስገድለዋል፣ ይፈረድባቸው" ይላል። ግማሹ ሬድዋንን መንገድ ላይ ሲያየው "የአዲሶቹ ተላላኪ!" እያለ ይሰድበዋል። በቅርቡ የኦልጅራ ልጅ ዮኒ ሱቅ በር ላይ የሬድዋንን ኮሌታ አንቆ፣ "በአባቴ ላይ ከፈረምክ ውርድ ከራሴ!" ብሎት ነበር። ብዙ ሰው ሰምቷል።

ስለዚህ ገና ከምሳ በፊት የሠፈሩ ጎረምሶች የኦልጅራን በር በድንጋይ ገንጥለው ገቡ። ዮኒን ከአልጋው ጎትተው አወጡት።

"ተኝቼ ነበር! እናቴን ጠይቋት!"

"እናትህ ዳኛ ናት እንዴ?" አለው አንዱ። አፉን በጫማው ረገጠው። ሌሎቹም ተከተሉ።

ፖሊስ ሲደርስ ዮኒ የወለቁ ጥርሶቹን በመዳፉ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱኑ አሰሩት።

ያሕያ ይህን ሰምቶ መጥቶ አልጋው አጠገብ ቆሞ ለሬድዋን ነገረው። ሬድዋን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ምነው? የእጁን አገኘ እኮ!" አለች ሲሃም።

"ዝም በይ፣ ሲሃም።"

ከሰዓት በኋላ የሬድዋን አለቃ አቶ ጌቱ ብርቱካን ይዘው መጡ።

"ይማርህ። አየሃቸው አውሬዎቹን? አንተ ደግሞ 'ማስረጃ የለም፣ ኦልጅራ ግድያው በተፈጸመበት ቀን ከተማ ውስጥ አልነበሩም' እያልክ ስታደርቀኝ ትከርማለህ።"

"አሁንም የለም፣ አቶ ጌቱ። በዚህ ክስ ደግሞ ሞት ሊፈረድባቸው ይችላል። ሌላ ሰው ይፈርመው። እኔ በዚህ ሁኔታዬ እንዴት ብዬ..."

"ሌላ ሰው ከፈረመ ፖለቲካ ነው ይሉናል። አንተን ሠፈርህ ቢሰድብህም ፍርድ ቤቱ ያምንሃል፤ የራሳችንን ሰዎች ሳይቀር ከሰህ አስፈርደሃል። ለዚህ እኮ ነው የመረጥንህ።" ጌቱ ፈገግ አሉ። "ደህና ሆነህ እምቢ ካልክ ግን ከኦልጅራ ጋር አንድ ክፍል ትገባለህ ብዬሃለሁ።"

የክስ ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጉት። ጄሶ የተደረገለትን ግራ ክንዱን በቀስታ ወደ ጎን አድርገው፣ ቀኝ እጁን እስክሪብቶ አስያዙት።

"አምላክ ጠብቆሃል። የምትጽፍበት እጅ ደህና ነው" አሉት።

ሬድዋን ፈረመ።

ጌቱ ተሰናብተው ወጡ። ሲሃም ልትሸኛቸው ተከተለቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ሬድዋንና ያሕያ ብቻ ቀሩ።

"ቀኙን ነበር እኮ ስበረው ያልኩህ፣ ያሕያ።"