ለባላንጣ የተቀቀለ ንፍሮ

ሰውየው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ፤ በገዛ እጁ የቀቀለውን የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዞ ጎረቤቱ ጋሽ ይርዳው ቤት ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። የሞተ ሰው የለም። የሞተው የጋሽ ይርዳው ቡድን ነው።

ሊጉን በዘጠኝ ነጥብ ሲመራ ከርሞ መጨረሻው ላይ ተንገዳገደና፣ ዛሬ በወራጅ ቀጠና ባለ ቡድን አንድ ለባዶ ተሸንፎ ዋንጫውን አጣ። ጎሏ ስትገባ ሰውየው ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፍሯል፤ የማያውቀውን አግቢ «እናትህ ትባረክ!» ብሎ መርቋል። የራሱ ቡድን ትናንት ተሸንፎ ዓመቱን መጨረሱን እንኳ ረስቶታል።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለ ሳቁን ውጦ። «ምን ይደረግ፣ ሰውም ቡድንም ሟች ነው።»

ጋሽ ይርዳው አልተቆጡም፤ ወንበር ስበው አስቀመጡት።

«እኛስ ያጣነው ዋንጫ ነው፤ የከርሞ ሰው ይበለን። ያሸነፈን ቡድን ግን በዛሬዋ ጎል ከመውረድ ተረፈ። በሱ ፈንታ ማን እንደወረደ አልሰማህም?»

«ማን?»

ጋሽ ይርዳው ነጠላቸውን ከመስቀያው አንስተው አዘቅዝቀው ለበሱና ሳህኑን አስጠጉለት።

«እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ።»

ሰውየው አንድ እፍኝ ዘገነ። ጨው መርሳቱን ያወቀው ያኔ ነው።