የተጫዋቾቹ ስም

ሸክላው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው የማጫወቻው ሞተር ለገመ። የሰበታው ራዲዮ ጣቢያ ደግሞ ያለው ማጫወቻ እሱ ብቻ ነበር። ቫዮሊኖቹ እንደ በሽተኛ ማቃሰት ሲጀምሩ፣ ቴክኒሻኗ አመልካች ጣቷን ሸክላው መሐል አሳርፋ ታዞረው ጀመር። ዜማው ተንገዳገደና ቀና አለ።

አስተዋዋቂው የተዘጋውን ማይክሮፎን ያዝ አድርገው፣ «ላቋርጠውና አድማጮችን ይቅርታ ልጠይቅ እንዴ?» አሏት።

«ይተዉ ጋሼ፤ እኔ እያለሁማ አይቋረጥም» አለች፣ ዓይኗን ከሸክላው ሳትነቅል።

ተፍኪ የሚኖሩት እናቷ ፈትል ሲያስተምሯት «እጅሽ ከተጣደፈ ክሩ ይበጠሳል» ይሏት ነበር። አሁንም አልተጣደፈችም። ክንዷ ዛለ። ላቧ ከግንባሯ ወርዶ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ልጥረገው ብትል ቫዮሊኑ ሊወላገድ ነው። ተወችው።

ሙዚቃው አለቀ፤ መርፌውን አነሳች። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ደንብ ነበረው፦ የቪየና ኦርኬስትራም ይሁን የሰበታ በገና ደርዳሪ፣ የተጫዋቹ ስም ሳይጠራ አይታለፍም። እሷም እዚህ በሠራችባቸው ስድስት ዓመታት ውስጥ ስንቱን ሸክላ አስቀምጣ ስንቱን ስም ሰምታለች። አስተዋዋቂው ማይክሮፎኑን ከፍተው የኦርኬስትራውን፣ ቀጥሎም የመሪውን ስም ከሽፋኑ ላይ አነበቡ። ሌላ የተጻፈ ስም አልነበረም። ሽፋኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«የመጨረሻውን አራት ደቂቃ» አሉ፣ «ሸክላውን በጣቷ እያዞረች ያሰማችን፣ የተፍኪዋ ማሪቱ ዳኜ ናት።»