ሰባ አንድ

ትርንጎ ድልህ የምትሸጠው በኢንተርኔት ነው። ገዢዎች ሱቅ የሚያገኙበት መፈለጊያ ግን ቤት ውስጥ የሚወራውንም ይሰማል፤ ሻጭ የሌላ ሰው ሙያ ካሞገሰ የሱቁ ነጥብ ይቀንሳል። ከሰባ በታች የወረደ ሱቅ ደግሞ ፍለጋ ላይ አይወጣም። የእሷ ሰባ አንድ ነው።

ጎረቤቷ እትዬ አስካለ አዲስ ድልህ ይዘው ገቡና መዳፏ ላይ ጠብ አደረጉላት።

«እስቲ ቅመሽልኝ የኔ ልጅ፣ እጄ እንደ ድሮው ነው?»

ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቀመሰች። ግድግዳው ላይ የሚበራውን የሱቋን ነጥብ ቁጥር አየች።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

«አይ እርጅና! ለካ ምላሴም ከድቶኛል» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

በሩ ሲዘጋ መዳፏ ላይ የቀረውን ላሰች።

«ውይ፣ ሲጣፍጥ!» አመለጣት።

ቁጥሩ ስልሳ ዘጠኝ ሆነ።