የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ

ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ጥጋቡ፣ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ካልጻፈችላቸው ይቆጣሉ። ቤሩት ያሉት አሠሪዎቿ ስልኳን ከወሰዱባት ወዲህ ደብዳቤ በሰው ትልካለች። የዛሬው ሁለት ወር ቆይቶ ደረሰ። መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ።

«ልጄ ምን አለች?» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው።

«‹አርዱየስ› ብላልሻለች! እኔ ያስተማርኳት ቃል እኮ ነው!» አሉና ትልቅ ራይት አደረጉበት።

«ምን ማለት ነው?»

«አድካሚ፣ አቅም የሚፈትን ማለት ነው። ተራራ ለመውጣት፣ ድንጋይ ለመፍለጥ እንጠቀምበታለን።»

«እሷስ ለምኑ ነው ያለችው?»

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ መለሱት።

«ውሃ ለመጠጣት ብርጭቆ ማንሳት አድካሚ ሆኖብኛል።»