ኦቲስ ምሽግ ውስጥ የለቀማት አማርኛ

ከኦቲስ ጋር ኮሪያ አብረን ቆስለናል። አሁን ለትምህርት አገሩ አሜሪካ ብመጣ በአዲስ መኪናው እያዞረኝ ነው። አገሩ ከጦርነቱ ወዲህ ጠግቧል፤ በየቤቱ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ነው። እኛ ግን ራበን።

የምግብ ቤቱ ባለቤት በር ላይ ፓስፖርቴን አገላብጦ አየ።

«የውጭ አገር እንግዳ እናከብራለን፤ እርስዎ ይግቡ። የአገራችን ጥቁር ግን አይገባም።»

ደሜ ፈላ። «እሱም ኢትዮጵያዊ ነው!» ብዬ ዋሸሁ።

«እስቲ በቋንቋው ይናገር።»

ኦቲስ ከእኛ ከምሽግ ጓደኞቹ የለቀማት አማርኛ አንዲት ብቻ ናት። ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ «የውሻ ልጅ!» አለው።

«ምን አለኝ?»

«‹ወዳጅ› ማለቱ ነው።»

ባለቤቱ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን። ደረቱን በእጁ እየመታ፣ «የውሻ ልጅ! የውሻ ልጅ!» እያለ እስከ ጠረጴዛችን ሸኘን።