የተገናኙት ሽቦዎች

የልብ መመርመሪያ ማሽን ጠግኜ ስጨርስ የምሞክረው በባሌ ላይ ነበር። ጋደም ብሎም ይቀልዳል፤ ሲስቅ ስክሪኑ ላይ የልቡን ምት የሚያሳየው መስመር ይንቀጠቀጥብኛል፤ «አትሳቅ እስቲ» እለዋለሁ። ልቡ ሦስቴ ይመታና አንዷን ይዘላል። «እሷን ላንቺ አስቀምጬ ነው» ይለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሥራ ገባሁ። ሰው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል፤ እኔ ግን ምንም አይሰማኝም።

ዛሬ የአንዱን ማሽን ቺፕ ቀየርኩ። ቺፑ ከደረት የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች ያመሳክራል፤ ለሁለቱም እኩል የሚደርሰውን የመብራትና የሞተር የኤሌክትሪክ ረብሻ ጥሎ ልዩነታቸውን ብቻ ያጎላል። የሚተኛልኝ ሰው ስለሌለ የሽቦዎቹን ጫፍ እርስ በርስ አገናኝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እንዲህ ሲሆን ልዩነት የለም፤ መስመሩ ቀጥ ማለት አለበት።

ቀጥ አለ። ከዚያ ሦስቴ መታና አንዷን ዘለለ።

አጠገቤ የሚሠራው ሬዲዮ ጠጋኝ ማሽኑ በየምቱ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምቶ ከሥራው ቀና ሳይል «ማንን አስተኝተሽ ነው እቴ?» አለኝ።

«ማንንም» አልኩት።

ሽቦዎቹ እንደተገናኙ ናቸው። መስመሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አፌ ስለለመደ «አትሳቅ እስቲ» አልኩ።

መስመሩ መንቀጥቀጡን ተወ።