እጅግ በጣም ጥሩ

ለሁለት ቋንቋ መምህርነት ቃለ መጠይቅ የመጣችው ወጣት የኦሮምኛ መልሶቿን አንድ ወር ሙሉ ስትሸመድድ ከርማለች። ማመልከቻዋ ላይ «የአፋን ኦሮሞ ችሎታ» በሚለው ፊት «እጅግ በጣም ጥሩ» ብላ የሞላችው ራሷ ናት። ያለው አንድ ቦታ ነው፤ የቀረችው ተፎካካሪም አጠገቧ የተቀመጠችው ኩለኒ ብቻ።

«በሩ ተከፈተች፤ አንቺን ነው» አለቻት ኩለኒ።

«ተከፈተች? በሩ ሴት ነው እንዴ? በዚህ አማርኛሽ ነው ልጆች የምታስተምሪው?»

ኩለኒ ሳቀች። «አንቺ ታርሚኛለሻ!»

«እኔ የማርመው ተማሪዎቼን ነው» ብላት ገባች።

ከሦስቱ ፈታኞች መሃል ያሉት ሴትዮ ፈገግ ብለው «ታኢ» አሏት።

ታዪ? ደሟ ፈላ። አስተማሪ ነው የሚቀጥሩት ወይስ ሞዴል? ወይ ትምህርት ቤት! ግን ሥራውን ትፈልገዋለች። ቦርሳዋን ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ላይ ጣለችና ከንፈሯን አጣማ፣ ወገቧን ይዛ፣ ቀስ ብላ አንድ ዙር ዞረችላቸው።

ፈታኞቹ ተያዩ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«‹ታኢ› ማለት በኦሮምኛ ‹ተቀመጪ› ማለት ነው፣ ልጄ» አሏት በአማርኛ። «አሁን ግን እንደቆምሽ ኩለኒን ጥሪልን።»